አንድን ኮምፒዩተር በቨርቹዋል ማሽን አማካኝነት ለበርካታ ተጠቃሚዎች ማጋራት

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካኝነት የሚፈጠርና ራሱን እንደቻለ ኮምፒዩተር ሆኖ የሚያገለግል ማሽን ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖች ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሜሞሪና ዲስክ ይመደብላቸዋል።

ዘዴው በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል ከመስጠት የተለየ ነው። በዚያ አሠራር ተጠቃሚዎቹ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለሚጋሩ፣ ሲስተሙ ሲበላሽ የሁሉም ሥራ ይቋረጣል። በቨርቹዋል ማሽን ግን የሒሳብ ክፍሉ ሲስተም ቢበላሽ የመዝገብ ቤቱ ሥራ ሊቀጥል ይችላል።

አመጣጡ

ሐሳቡ የተወለደው ኮምፒዩተር እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማሳቹሴትስ ግዛት ካምብሪጅ ከተማ በነበረው የሳይንስ ማዕከሉ ሲፒ-40 የተሰኘ ሲስተም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ አዋለ። ሲስተሙ አንዱን ኮምፒዩተር እስከ 14 ቨርቹዋል ማሽኖች ይከፋፍል ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370 የተባለውን ሲስተም ለደንበኞቹ ይፋ አደረገ።

ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት መመዘኛዎችን አስቀምጠዋል። እነዚህም ፕሮግራሞች በእውነተኛ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚሠሩት መሥራታቸው፣ አብዛኞቹ ትእዛዞች በቀጥታ በፕሮሰሰሩ መፈጸማቸው እንዲሁም የሃርድዌሩ ቁጥጥር ሙሉ በሙሉ በአስተዳዳሪው ሶፍትዌር እጅ መሆኑ ናቸው።

ቴክኖሎጂው ወደ ተራ የቢሮ ኮምፒዩተሮች የገባው ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያ ምርቱን ካቀረበ በኋላ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚሁ ተግባር የሚረዳ ድጋፍ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ማካተት ጀምረዋል።

አሠራሩ

ሃርድዌሩን ለማሽኖቹ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። የፕሮሰሰሩን ጊዜ በየተራ ያድላል፤ ሜሞሪና የዲስክ ቦታ ይመድባል፤ አንዱ ማሽን የሌላውን ሜሞሪ እንዳያነብም ይከላከላል። ሠራተኞች አነስተኛ አቅም ባላቸው ኮምፒዩተሮች ከየጠረጴዛቸው ሆነው በኔትወርክ አማካኝነት ወደየማሽኖቻቸው ይገባሉ።

ዕቅድ ሲወጣ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ሜሞሪ ነው። ፕሮሰሰር በየተራ ሊያገለግል ሲችል፣ ሜሞሪ ግን ማሽኖቹ ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ይያዛል። ለምሳሌ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ሰርቨር ላይ 4 ጊጋባይት ለሃይፐርቫይዘሩ ቢተውና ለስድስት ማሽኖች 4 ጊጋባይት ቢመደብላቸው፣ 4 ጊጋባይት በመጠባበቂያነት ይቀራል። ከዚህ በላይ ማሽን መጨመር የሁሉንም ሥራ ሊያዘገይ ይችላል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ቨርቹዋል ማሽኖቹ የተለያዩ ቢሆኑም የሚሠሩበት ሃርድዌር አንድ ነው። የኃይል አቅርቦቱ ወይም ዲስኩ ቢበላሽ ስድስቱም ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሥራ ያቆማሉ። ስለሆነም የመጠባበቂያ ቅጂ በሌላ መሣሪያ፣ ቢቻል በሌላ ሕንፃ ሊቀመጥ ይገባል። የአንድን ማሽን የወቅቱን ሁኔታ መዝግቦ የሚያቆየው ስናፕሾት የተባለው አገልግሎት ከዋናው ዲስክ ጋር አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። የተቀመጠው ቅጂ በትክክል መመለሱንም በየጊዜው ሞክሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በማሽኖቹ መካከል ያለው አጥርም ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውና ቬኖም የተባለው የደኅንነት ጉድለት ኬሙ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያን ሥራ በሚያስመስለው ክፍል የተገኘ ሲሆን፣ ከአንዱ ቨርቹዋል ማሽን ወጥቶ ዋናውን ኮምፒዩተር ለመቆጣጠር በር የሚከፍት ነበር። ብዙዎች መጠቀም ያቆሙት መሣሪያ የአደጋ ምንጭ መሆኑ ሃይፐርቫይዘሩን በየጊዜው ማደስ ግዴታ መሆኑን ያሳያል። የሃይፐርቫይዘሩ የይለፍ ቃል ያለው ሰው የሁሉንም ክፍሎች ሰነድ ሊደርስበት ስለሚችልም፣ ይህ ሥልጣን ለማን እንደሚሰጥ በኃላፊዎች ሊወሰን ይገባል።

ከዚህም ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ አንድ ስለሆነ የሶፍትዌር ፈቃዱም አንድ ይበቃል ማለት አይደለም። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች በዚህ ዘዴ የሚገኘውን ቁጠባ ሲያሰሉ የመጠባበቂያ መሣሪያውን፣ የፈቃዱንና የባለሙያውን ወጪ አብረው ሊያስቡ ይገባል። የሰርቨር ግዢ ቀንሶ የባለጉዳዮችን መዝገብ ያለ ቅጂ ማስቀመጥ ቁጠባ ሊባል አይችልም።