የአምስተርዳም ሉተራውያን፦ የስደተኞች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

የአምስተርዳም ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከጀርመናዊው የተሃድሶ መሪ ከማርቲን ሉተር ትምህርት የመነጨ፣ በስደተኞች የተመሠረተ የፕሮቴስታንት ጉባኤ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም የምትጋራው ይህንኑ የሉተር ትውፊት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የጉባኤው አጀማመር ከአንትወርፕ ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ በ1585 በስፔን ጦር እጅ ስትወድቅ፣ ፕሮቴስታንት ነዋሪዎቿ ወደ ካቶሊክ እምነት እንዲመለሱ፣ አለዚያም በአራት ዓመት ውስጥ ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ከተሰደዱት መካከል ሉተራውያን ነጋዴዎች አምስተርዳም ገብተው በ1588 ጉባኤያቸውን መሠረቱ። የወደቡ ንግድ እየሰፋ ሲሄድ ከጀርመን ግዛቶችና ከስካንዲኔቪያ መርከበኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና የቤት ሠራተኞች ወደ ከተማዪቱ ጎረፉ፤ በጉባኤውም ውስጥ ጀርመናውያን በረከቱ።

በዘመኑ ይፋዊ እውቅና የነበረው የካልቪንን ትምህርት የምትከተለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበረች። ሉተራውያኑ ስፖይ በተባለው ሰፈር በመጋዘን ሲሰበሰቡ ቆይተው፣ በ1633 በዚያው አካባቢ የራሳቸውን ሕንፃ አጠናቀቁ። ካቶሊኮች በመኖሪያ ቤቶች ተሸሽገው ያስቀድሱ ስለነበር ይህ ፈቃድ ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ሉተራውያኑ የደወል ማማ እንዲያቆሙ አልተፈቀደላቸውም። ምእመናኑ ሲበዙ በ1671 በሲንገል ቦይ ዳር፣ በአድሪያን ዶርትስማን ንድፍ የተሠራው ክብ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። የጉልላቱን መዳብ የሰጡት የስዊድኑ ንጉሥ 11ኛው ካርል ነበሩ።

ጉባኤው ለወላጅ አልባ ሕፃናትና ለችግረኛ አረጋውያን መጠለያ ነበረው። በኔዘርላንድስ የሉተራን ሴሚናሪ እስከተቋቋመበት እስከ 1816 ድረስ ብዙዎቹ ሰባኪዎች የተማሩት በጀርመን ዩኒቨርስቲዎች ነው። በ1791 ግን የዘመኑን አዲስ አስተሳሰብ የሚያንጸባርቀው ስብከት ከአበው እምነት ወጥቷል ያሉ ምእመናን ተገንጥለው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ሁለቱ ወገኖች የታረቁት ከ161 ዓመታት በኋላ በ1952 ነው።

ከጀርመን የሚመጣው ስደተኛ እየቀነሰ፣ የቀደሙትም የልጅ ልጆች ደች ተናጋሪ እየሆኑ ሲሄዱ የጉባኤው መልክ ተለወጠ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በ1822 ተቃጥሎ እንደገና ቢሠራም በ1935 የአምልኮ አገልግሎቱን አቆመ፤ በኋላም የኮንሰርትና የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። በ2004 የሀገሪቱ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከሁለት የካልቪን ትውፊት አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተዋህዳ የኔዘርላንድስ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንን መሠረተች። በአንድ ወቅት ብቸኛ ይፋዊ እውቅና የነበራት ቤተ ክርስቲያን ወራሾች ዛሬ ከሉተራውያኑ ጋር በአንድ ማኅበር ይገኛሉ።

በስፖይ ያለው አሮጌው ሕንፃ ከ1961 ጀምሮ የአምስተርዳም ዩኒቨርስቲ የክብረ በዓል አዳራሽ ሆኖ ያገለግላል። በሥራ ቀናት የዶክትሬት ዕጩዎች ጥናታቸውን ይሟገቱበታል፤ እሑድ ሲሆን ግን ሉተራውያኑ ዛሬም ይሰበሰቡበታል።