የጓሮ ቤት ታሪክ፦ ከለንደን ወደብ እስከ አዲስ አበባ ግቢ

የምህንድስና ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ግድቡ፣ ድልድዩና ባለ ብዙ ፎቁ ሕንፃ ሰፊውን ቦታ ይይዛሉ። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ በአጥሩ ጥግ፣ በጥቂት ገንዘብ የምትቀለሰው የጓሮ ቤት ግን እምብዛም አትነሣም። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን አብዛኛውን ነዋሪ ያስጠለለው በመሐንዲስ ፕላን የተሠራው ሕንፃ ሳይሆን፣ እንጨት፣ ጭቃና ቆርቆሮ ተባብረው ያቆሙት ይኸው አነስተኛ ሥራ ነው። ስለዚህ የአመጣጡ ታሪክ ሊመረመር ይገባዋል።

ከሦስቱ ዕቃዎች መካከል የአገር ተወላጁ ጭቃው ብቻ ነው። ቆርቆሮውም ባሕር ዛፉም ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ናቸው። ዛሬ ከመልመዳቸው የተነሣ እንግድነታቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው።

የቆርቆሮው ታሪክ የሚጀምረው በለንደን ወደብ ነው። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለው የወደቡ ኩባንያ መሐንዲስ በ1829 እ.ኤ.አ. ዝርግ የብረት ገበታ እየታጠፈ እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ መልክ እንዲይዝ የሚያደርግ ዘዴ አስመዘገበ። ይህ ሰው ገና በወጣትነቱ፣ በ1818 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝን የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ከመሠረቱት ጥቂት ወጣቶች አንዱ እንደነበረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስታወሱ አግባብ ይሆናል። አዲሱ ፈጠራ መጀመሪያ የዋለው ለቤተ መንግሥት ወይም ለቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ በዚያው ወደብ ውስጥ ተርፔንታይን ለሚቀመጥበት መጋዘን ክዳን ነበር። የቆርቆሮ ክዳን ከመጀመሪያው ጀምሮ የመጋዘንና የዳስ ጓደኛ ነው ማለት ነው።

የፈጠራው ብልሃት በቀላል ሂሳብ ይገለጣል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊሜትር የሆነ ዝርግ ገበታ በሁለት ማገሮች መካከል ቢዘረጋ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ያው ገበታ ከጉብታው እስከ ጎድጓዳው 18 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ሆኖ ቢታጠፍ፣ መጉበጥን የመቋቋም ኀይሉ ሦስት ሺህ እጥፍ ያህል ያድጋል። ለዚህ ሁሉ ጥቅም የሚከፈለው ዋጋ የገበታው ስፋት በመጠኑ መቀነስ ብቻ ነው። ብረቱ ግን ይዝግ ነበር። በ1837 እ.ኤ.አ. ሶሬል የተባለው ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመሸፈንን ዘዴ ካስመዘገበ በኋላ ይህ ችግር እየተቃለለ ሄደ። ቀላል፣ ተደራርቦ የሚጫንና ቶሎ የማይዝግ ክዳን በመገኘቱም ቆርቆሮ በመርከብ እየተጫነ ዓለምን ዞረ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ግን የከተማይቱ ጭንቀት ክዳን አልነበረም፤ እንጨት ነበር። በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተ ምዕራብ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩን ያስመጡት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ እንደሆኑ ይነገራል። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ለቤት ሠሪ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ነው። መጋዝም ሆነ መጥረቢያ ብዙ ሳይነካው ወፍራሙ ለቋሚ፣ መካከለኛው ለወራጅ፣ ቀጭኑ ለማገር ይውላል።

ቆርቆሮው የገባው ቀስ በቀስ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ ነበርና በዚያ ዘመን የቆርቆሮ ክዳን የመኳንንትና የነጋዴ መታወቂያ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከተማው ሲገባ የማጓጓዣው ነገር ተለወጠ። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ከተማው በሰፋ መጠን ሣሩ ከሩቅ ይመጣል፤ እሳትም ይፈራል። ቆርቆሮ ግን አንድ ጊዜ ከተገዛ የሚነቀልና የሚሸጥ ሀብት ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ፣ የተቀጠቀጠ በርሜልና የተቃና ምስማር ገበያ ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ድሃው የጣራውን ቆርቆሮ የሚያየው ሀብታሙ የባንክ ደብተሩን በሚያይበት ዓይን ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

እንግዲህ በጓሮ ውስጥ አንዲት ማድ ቤት ወይም የዕቃ ማስቀመጫ ለመሥራት የተነሣ ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ለቆርቆሮው፣ ለምስማሩ፣ ለአጣናውና ለበሩ ማጠፊያ ነው። ጭቃው ከዚያው ከግቢው ይቆፈራል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ውሃ እየጠጣ ለቀናት ይቦካል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም በማገሩ ላይ ይለጠፋል። ጭዱ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያያይዘዋል። ጭቃው ሸክም አይሸከምም፤ ሸክሙን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ጭቃው እንጨቱን ከመወዛወዝ ይከለክለዋል። ይህን የሥራ ክፍፍል ማንም መምህር ሳያስተምራቸው የተረዱት አናጢዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ክዳኑንም ውሃው ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲወርድ አዝምመው በመሥራት እንጨትና ቆርቆሮ ይቆጥባሉ። ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ እንዳይመታም ይጠነቀቃሉ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ቁጠባው ካለ ቦታው ሲገባ ነው። የመጀመሪያው ከክዳኑ ጠርዝ የሚቀነሰው ክንድ ያህል ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ከግድግዳው በበቂ ካልወጣ የክረምቱ ጠፈጠፍ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ መሬት መትቶ የሚፈናጠረው ውሃም ጭቃውን ከታች እየሸረሸረ ይበላዋል። ሁለተኛውና የባሰው የቋሚው እግር ነው። የድንጋይ መሠረት ሲሚንቶና ግንበኛ ስለሚፈልግ ቋሚው በቀጥታ በአፈር ይቀበራል። ብልሁ ሰው ጫፉን በእሳት ይለበልበዋል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ ይህም ጥቂት ዓመት ይጨምርለታል። ቢሆንም መሬትና አየር በሚገናኙበት ልክ እርጥበቱና ምስጡ እንጨቱን ይጨርሱታል። ክዳኑ ገና ሳይዝግ፣ ወራጁ ሳይነቃነቅ፣ ቤቱ ከእግሩ ይሰበራል።

ይህ ሁሉ ለእንጨትና ለከሰል ማስቀመጫ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የከተማው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ በጓሮ የተቀለሰችው ክፍል ለሠራተኛ ማደሪያ፣ ኋላም ለተከራይ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነች። ለጊዜው የታሰበው ሥራ የዕድሜ ልክ ቤት ሆነ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኀዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። አዋጁ ኪራይን በመቀነሱ ብዙ ተከራይ እፎይ ብሏል፤ ይህ መካድ የለበትም። ዳሩ ግን ከጥቂት ብር ኪራይ የቋሚ መለወጫ አይተርፍም። ባለቤቱ በየክረምቱ ማግስት ያደርገው የነበረው ምርጊትና ጥገና ባለቤት አጣ፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት፣ ያውም ፈቃድ ጠይቆ፣ ገንዘቡን ማፍሰስ አመነታ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የቀበሌ ቤቶች ወደ አንድ ወገን አዝምመው መታየታቸው ስለ ጭቃው ድክመት ብዙ አናግሯል። በእርግጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደከመው እግሩ ነበር።

በየሰፈሩ ያሉ አናጢዎች መድኀኒቱን ያውቁታል። አንዱ ቋሚ ከላይ በድጋፍ እንጨት ይያዛል፤ ዙሪያው ያለው ጭቃ ጉልበት በሚያህል ከፍታ ይፈርሳል፤ የበሰበሰው እግር በመጋዝ ይቆረጥና ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ እስከ መሬት በላይ ይሞላል፤ የቀረው እንጨት በዚያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ጭቃው ተመልሶ ይመረግና ወደሚቀጥለው ቋሚ ይታለፋል። ቤተሰቡ ከውስጥ ሳይወጣ፣ ምድጃውም ሳይጠፋ፣ ቤቱ በአንድ በጋ ውስጥ እግር በእግር ይታደሳል።