ሮጀር ኮርማንና የአነስተኛ ገንዘብ ፊልም

የፊልም ታሪክ ሲጻፍ የገንዘብ ማነስ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉድለት ብቻ ይቆጠራል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የአሜሪካዊውን የፊልም አሠሪ (ፕሮዲውሰር) የሮጀር ኮርማንን ሥራ መርምረን፥ ቁጠባ ያስገኘለትንና ያላስገኘለትን ነገር ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርማን በ1926 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ምህንድስና ተምሮ በ1948 በሙያው ሥራ ቢይዝም፥ በአራት ቀን ውስጥ ተወው። ከዚያም በአንድ ታላቅ የፊልም ኩባንያ በተላላኪነት ገብቶ፥ ኋላ ለፊልም የሚቀርቡ ድርሰቶችን አንባቢ ሆነ። በ1954 ስለ ባሕር አውሬ የሚናገር ፊልም ሲያሠራ በእጁ የነበረው ጥሬ ገንዘብ፥ ራሱ እንደ ተናገረው፥ 12,000 ዶላር ያህል ነበር።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ብሂላችን የዚህን ሰው አሠራር በሚገባ ይገልጸዋል። በ1960 የወጣው «ትንሿ የሽብር ሱቅ» ለሌላ ሥራ ተሠርቶ በቆየ ቤት ውስጥ፥ ዋናው ክፍል በሁለት ቀንና በአንድ ሌሊት ተነሣ። ወጪው ትንሽ ስለ ሆነ ትርፉ በቶሎ ይመለሳል፤ አሠሪውም የታላላቆቹን ኩባንያዎች ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለገውም።

ይሁን እንጂ ይህ ነጻነት ወሰን ነበረው። ኮርማን በ1962 «ሰርጎ ገቡ» የተባለውን ፊልም ከወንድሙ ጋር በራሳቸው ገንዘብ ሠራ። ታሪኩ ጥቁሮች ተማሪዎች ከነጮች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ሕዝብ ስለሚያነሣሣ ሰው ነው። ፊልሙ ቢመሰገንም ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ኮርማን ቁም ነገሩን በግልጽ ከማውጣት ይልቅ በመዝናኛው ውስጥ ሸሽጎ ማስገባትን መረጠ።

ደመወዙ አነስተኛ ስለ ነበር የሚቀጥራቸው ብዙዎቹ ጀማሪ ወጣቶች ነበሩ። ፍራንሲስ ኮፖላ በ1963፥ ማርቲን ስኮርሲዚ በ1972፥ ሮን ሃዋርድ በ1977 በእርሱ አሠሪነት ፊልም አዘጋጁ። በ1970 ያቋቋመው ኩባንያም የበርግማንንና የፌሊኒን ፊልሞች ለአሜሪካ ተመልካች አከፋፈለ። በ2009 የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ በ2024 በ98 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ቁጠባ ኮርማንን ከባለ ገንዘቦች ትእዛዝ ቢያወጣውም ከትኬት ገዢው ፍርድ አለማውጣቱን ነው። ከቁጠባው ይበልጥ የተጠቀሙትም፥ በእርሱ ዘንድ ሥራ ለምደው ወደ ሰፊው መድረክ የወጡት ወጣቶች ይመስሉናል።