ጉሉኮስ ምግብ አይደለም፦ በደም ሥር የመመገብ አጭር ታሪክ

አገራችን ውስጥ ሕፃን ሲጠወልግ ቤተሰብ ቶሎ የሚለው «ጉሉኮስ ይሰቀልለት» ነው። በታች ጋይንት አርብ ገበያም፣ በስማዳም፣ በእስቴም እንዲሁ ነው። ጠብ ጠብ ሲል ሲታይ ምግብ የገባ ይመስላል። 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ ጉሉኮስ ውስጥ ያለው ግን 50 ግራም ስኳር ብቻ ነው፤ ፕሮቲን የለም፣ ቅባት የለም።

እውነተኛው በደም ሥር መመገብ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) ፊላደልፊያ ውስጥ ስታንሊ ዱድሪክና ዳግላስ ዊልሞር የተባሉ ሐኪሞች አንጀቷ ምግብ መቀበል የማይችል አራስ ልጅ በደም ሥር ብቻ እየመገቡ አሳደጉ። ዓለም ተደነቀ፤ መደነቅም ነበረበት።

ዋጋው ግን ቆይቶ ታየ። ይህ ምግብ ወፍራም ስለሆነ የእጅን ቀጭን ደም ሥር ያቃጥላል። ስለዚህ ቱቦው ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር ይገባል፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኾ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደም በደም ሥር ውስጥ የሚረጋበትን ምክንያት ሲመረምር የፍሰት መዘግየትንና የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትን አንስቶ ነበር። ቱቦው ሁለቱንም ያመጣል። የሕፃን ደም ሥር ጠባብ ነውና ቱቦው ብቻውን ግማሽ መንገዱን ሊይዝ ይችላል። ደሙ ሲረጋ ክንድ፣ አንገት ወይም ፊት ያብጣል፤ ቁራጩ ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ደግሞ ሊገድል ይችላል። የማይገድለውም ቢሆን ደም ሥሩን ይዘጋዋል፤ ለሚቀጥለው ቱቦ ሌላ መፈለግ ግድ ነው፣ ደም ሥር ደግሞ ቁጥር አለው።

በረሃብ የተጎዳ ሕፃን ግን አንጀቱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለው ልጅ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ራሱን ስቶ በሾክ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ የደከመው ልቡ ጭነቱን አይችልማ። በ1990ዎቹ አንድሬ ብሪየንድና ሚሼል ሌስካን የለውዝ ቅቤና ወተት ያለበትን ፕላምፒ ነት ሠሩ። በ2000 ድርቅ ጊዜ በሐዲያ ልጆች እንዲህ ባለ ምግብ ቤታቸው ሆነው ታከሙ፤ ከ2008 ጀምሮ ሕክምናው እስከ ጤና ኬላ ወረደ። በግ ተሸጦ ከሚሰቀል ጉሉኮስ ይልቅ ያች ፓኬት ናት የጋይንትን ልጅ የምታነሣው።

አንጀቱ በሕመም ተቆርጦ ያጠረበት ልጅ ግን ፓኬቷ አትበቃውም። ለእሱ ያለው ያ አደገኛ ቱቦ ነው፤ ደም ሥሮቹ ሁሉ ሲዘጉ ሀብታሞቹ አገሮች አንጀት ይተክላሉ። ከአርብ ገበያ ሪፈር ተጽፎለት ለሚወጣ ልጅ ቱቦውም ሆነ ንቅለ ተከላው እጅግ ሩቅ ነው።