ወዳጅ ደንብ ሲጥስልን

ስለ ጉቦ ብዙ ተሰብኳል። ዛሬ የማነሣው ግን ገንዘብ የሌለበትን፣ በፍቅር የሚደረገውን ነው። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወዳጃችን፣ ምናልባትም አብሮን የሚያመልክ ወንድም፣ አንዲት ሳንቲም ሳይቀበል ደንቡን ቢጥስልን ምን እናድርግ?

ሐረርን የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ሰው በሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በጀጎል ግንብ ውስጥ ሐረሪዎች በአፎቻቸው ለሰርግም ለሐዘንም ይደራረሳሉ፤ እኛም በዕድራችን እንዲሁ። መልካም ነገር ነው። ይኸው መተሳሰብ ወደ ቢሮ ሲገባ ግን "እዚያ ሰው አለህ ወይ?" የሚል ጥያቄ ይሆናል።

ውኃን እንውሰድ። ሐረር ለረጅም ዓመታት ውኃ የምታገኘው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ሲደርቅ ከተማይቱ በብርቱ ተቸገረች። ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር መስመሩን የሚከፍት ወዳጅ አላችሁ እንበል። ያለ ተራችሁ ቢለቅላችሁ ያ ውኃ ከእርሱ በርሜል የተቀዳ አይደለም። ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች፣ ስሟን እንኳ የማታውቋት እናት ጄሪካኗ ባዶውን ያድራል።

በሉቃስ 11፥5-8 እኩለ ሌሊት የተቀሰቀሰው ሰው ለወዳጁ እንጀራ የሰጠው ከገዛ ቤቱ ነው። በሉቃስ 16፥1-8 ያለው መጋቢ ግን የጌታውን መዝገብ አስቀየረ፦ መቶው ማድጋ ዘይት አምሳ፣ መቶው ቁና ስንዴ ሰማንያ ሆነ። ጌታው ብልሃቱን ቢያደንቅም ዓመፀኛ መባሉ አልቀረም። ስለ መጋቢው ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ቁጥሩን በእጃቸው ስለ ጻፉት ባለዕዳዎች ግን እምብዛም። እኛ እኮ እነርሱን ነን።

ሕጉም ቢሆን ጉቦ ላይ ብቻ አያቆምም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ሥልጣንን አላግባብ መገልገልን ሲደነግግ፣ ለሌላ ሰው የማይገባ ጥቅም ማስገኘትንም ይጨምራል። ወረፋ ያስዘለለ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን "ምንም አልተቀበለም" ማለታችን ወዳጃችንን ላያድነው ይችላል።

ታዲያ ወዳጅን ምንም አንጠይቅ? እንዲህስ አይደለም። የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ የቱ ማስረጃ እንደጎደለ ቢነግረን ለማንም የሚገባውን አደረገ። ሕመምተኛ ይዘን ከሆነ ደግሞ ቅድሚያውን ከኃላፊው በግልጽ እንጠይቅ። እኔ ራሴን የምጠይቀው "አለቃው አጠገቡ ቆሞ ቢሆን ያደርግልኝ ነበር?" ብዬ ነው።

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ከወደቅሁ በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድም በሚሠራበት ቢሮ ፋይሌን ከሥር አውጥቶ ከላይ አደረገልኝ። "እግዚአብሔር ይባርክህ" ብዬው ወጣሁ። ከሳምንት በኋላ በዚሁ ምክንያት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ታዘዘ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው "ምን ላድርግ ፓስተር፣ እምቢ ማለት አፈርኩ" አለኝ።

በሌላ ጊዜ ጉዳይ ሲገጥመኝ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄጄ ተሰለፍኩ። በመስኮቱ አይቶኝ በእጁ ሰላም አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጉዳዬ በሦስተኛው ቀን አለቀ።