የሚሸከም ቆዳ፣ የሚሸፍን ቆዳ

የደቡብ ሱዳኗ ጁባ ባለችበት በአባይ ሸለቆ ቆዳ የቤት ዕቃ የሆነው ሶፋ ከመታሰቡ እጅግ አስቀድሞ ነው። ያን ጊዜ ሥራው እንጨት መሸፈን ሳይሆን ሰው መሸከም ነበር።

አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆርጅ ራይዝነር ከ1913 እስከ 1916 እ.ኤ.አ. በሱዳን ከርማ ሲቆፍር፣ ከ3500 ዓመት በላይ አስቀድሞ በእንጨት አልጋ ላይ ተጋድመው የተቀበሩ ሰዎችን አገኘ። የአልጋዎቹ እግር በበሬ እግር አምሳል ተቀርጿል። በዚያው አገር ከዚህም ቀድሞ የሞቱት በበሬ ቆዳ ላይ ተኝተው በቆዳ ተሸፍነዋል። ወደ ደቡብም ቢሆን የሥነ ሰብ ተመራማሪው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌሮች ባሳተመው ጥናት፣ ከከብት ቆዳ መኝታ፣ ጠፍርና የከበሮ ፊት እንደሚሠራ ጽፏል።

የእኛም ጠፍር አልጋ የዚሁ ዘመድ ነው። ጠፍሩ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ነው፤ በረጅሙ ተተልትሎ እርጥብ ሳለ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጭምር ጨምድዶ ይይዛል። ከላዩ የሚነጠፈው ጀንዲ ግን የለፋ የከብት ቆዳ ነው፤ አጎዛው ደግሞ ከነፀጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ። እናቶችና አባቶች የትኛው ለምን እንደሚሆን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በእኛ አገር ቆዳ በእምቧይ ፍሬ ሲለፋ፣ በሱዳን በአባይ ዳር ግራር ፍሬ ይለፋል። በግራሩ ፍሬ ውስጥ ያለው ታኒን ከቆዳው ጋር ተጣብቆ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ይህን ጥበብ የያዙትን ሰዎች አገራችን «ፋቂ» እያለ ይሰድባቸው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬው ሶፋ ቆዳ በአብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። አውግስጦስ ሹልዝ ኒውዮርክ ውስጥ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ ዘዴ፣ ወራት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ ቀናት አወረደው።

የጥራቱ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወፍራም ቆዳ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል። ጥንካሬው ያለው በላይኛው፣ የፀጉሩ ቀዳዳ በሚታይበት ገጽ ነው። የመዥገር፣ የእሾህና የመተኮሻ ጠባሳ የበዛበት ገጽ ተፍቆ ቀለም ይቀባል፤ ይህም ደህና ነው፣ ይቆያል። ከታች የተሰነጠቀው ግን በፕላስቲክ ሽፋን ይለበጣል። ፍርፋሪ ቆዳ ተፈጭቶ በሙጫ የተጣበቀው ደግሞ ቆዳ ተብሎ ቢሸጥም ሙቀትና ላብ ሲደጋገምበት ይላጣል።

ስለዚህ ጁባ ሆቴል ከፍቶ ለእንግዳ መቀበያው ሶፋ የሚገዛ ወገናችን ትራሱን ይገልብጥ፣ የተቆረጠውን ጠርዝና ጀርባውን ይመልከት። ጀርባው ጨርቅ ከሆነ ወይም ጠርዙ የተፈጥሮ ቃጫ ካልታየበት፣ የቆዳ ዋጋ አይክፈል።