በ64 ቀን የተሠራው የባጋቴል ቤት

የአንድን አገር ታሪክ ለመረዳት የነገሥታቱን ስምና የጦርነቱን ዓመት መቍጠር ብቻ አይበቃም። ማን አሠራው፥ እነማን ደከሙበት፥ ዕቃውስ ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቤትም ታሪክ ይናገራል። ስለዚህ በፓሪስ በስተምዕራብ፥ ቧ ደ ቡሎኝ በሚባለው ደን ውስጥ ስለሚገኘው ስለ ባጋቴል ጥቂት ለመግለጥ አሰብን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 16ኛ ታናሽ ወንድም፥ የአርትዋ መስፍን፥ በዚያ ስፍራ የነበረውን አሮጌ ቤት በ1775 ዓ.ም. ገዛ። በ1777 ዓ.ም. መጸው ከወንድሙ ሚስት ከንግሥት ማሪ አንቷኔት ጋራ በ100,000 ሊቭር ተወራረደ። ውርርዱም አሮጌውን አፍርሶ፥ ንግሥቲቱ ከፎንቴንብሎ እስክትመለስ ድረስ አዲስ ቤት ሠርቶ ሊቀበላት ነበር። መስፍኑ ያን ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይርቅም።

ፕላኑን ያወጣው አርክቴክት ፍራንስዋ ዦዜፍ ቤላንዤ ነው። 900 ያህል ሠራተኞች ሌሊትና ቀን ደክመው ሥራውን በ64 ቀን ፈጸሙት። የተጠረበ ድንጋይ፥ ኖራና ጄሶ ባነሰ ጊዜ፥ መስፍኑ የስዊስ ዘበኞችን ወደ አውራ ጐዳና ልኮ ይህን ዕቃ የጫነውን ጋሪ ሁሉ አስያዘ። ዋጋው ወዲያው ተከፍሏል፤ ነገር ግን ዕቃው አስቀድሞ ለሌሎች ሰዎች የተሸጠ ስለ ነበረ ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ። የኦስትሪያ አምባሳደርም ይህንኑ ለንግሥቲቱ እናት ለማሪያ ቴሬዛ ጻፈላት።

የቤቱ አሠራር ኒዮክላሲክ የሚባለው ነው፤ ይኸውም የጥንት ግሪኮችንና የሮማውያንን ጥበብ የተከተለ ነው። ቀድሞ ይወደድ የነበረው የተጠማዘዘና የበዛ ጌጥ ቀርቶ፥ መሥመሩ ቀጥ ያለ፥ ግራና ቀኙም የተመዛዘነ ሆነ። በመካከሉ ጉልላት ያለው ክብ አዳራሽ ወደ አትክልቱ ስፍራ ይመለከታል። የመስፍኑ መኝታ ቤት እንደ ጦር ሰፈር ድንኳን ያጌጠ ነበር። በቤቱ ፊት ላይ «ትንሽ፥ ነገር ግን የተመቸች» የሚል ቃል በላቲን ቋንቋ ተጽፏል። የአትክልቱን ስፍራ ያሰናዳው ቶማስ ብሌኪ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው።

መስፍኑ ውርርዱን ረታ፤ ዳሩ ግን ከ12 ዓመት በኋላ የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ። እርሱ በሐምሌ 1789 ዓ.ም. ከአገሩ ሸሸ፤ ንግሥቲቱም በ1793 ዓ.ም. በሞት ተቀጣች። በኋላ ሻርል 10ኛ ተብሎ ከ1824 ዓ.ም. ጀምሮ ቢነግሥም፥ በ1830 ዓ.ም. ሕዝቡ እንደ ገና አባረረው። ለአብዮቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የባጋቴል ጋሪዎች ግን ሕዝቡ ከምን የተነሣ እንደ ተመረረ በጥቂቱ ያስረዱናል።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። በችኮላ የተሠራው ቤት ጸንቶ ሲኖር፥ የተፈሰሰው የሕዝብ ፍቅር ግን ተመልሶ አልተለቀመም። በ1905 ዓ.ም. የፓሪስ ከተማ ስፍራውን ገዛው፤ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮም የአዳዲስ ጽጌረዳዎች ውድድር የሚደረግበት ሆነ። እንግዲህ ያማረ ሕንጻ ባየን ጊዜ ጥበቡን እናድንቅ፤ ድንጋዩን የተሸከሙትንና ጋሪያቸው የተያዘባቸውንም አንርሳ። ነገ አሠሪዎችና ሠሪዎች የምንሆን እኛ ነንና።